ታክሲው የት ሄደ?
በንፋስ ስልክ ላፍቶ የሚኒባስ ጉዞ ላይ የቀረበ ንግግር



በደቡብ አዲስ አበባ ጧት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ በሕዝብ አንደበት ከሚዘወተሩት ቃላት ሁሉ «ታክሲ ጠፋ» የሚለው ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። በጀሞ ሰልፍ የያዘው ተማሪ፣ በሃይሌ ጋርመንት ልጇን አዝላ የቆመችው እናት፣ በለቡ ዳር መሣሪያውን በማዳበሪያ ጠቅልሎ የሚጠብቀው ግንበኛ፣ ሁሉም ይህንኑ ቃል እየተቀባበሉ ይናገሩታል። ቃሉ ከመለመዱ የተነሣ ግን ጠፋ የተባለው ነገር በእርግጥ ምን እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚመረምር ሰው ብዙ አይደለም። ትናንት ማታ የነበሩት ሚኒባሶች ዛሬ ጧት መሬት ተከፍታ አልዋጠቻቸውም፤ ሁሉም በመንገድ ላይ ናቸው። ታዲያ የት ሄዱ?

የዚህ ንግግር ዓላማ ለዚህች ተራ ለምትመስል ጥያቄ ከምሕንድስና ሙያ አንጻር መልስ መፈለግ ነው። የመልሱም ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው፤ የታክሲ እጥረት የሚባለው ነገር በአብዛኛው የምልልስ እጥረት ነው፤ ይኸውም አንድ ተሽከርካሪ ተጓዡን አድርሶ ባዶውን እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜና የሚያወጣው ወጪ በማንም ሒሳብ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ያልተመዘገበ ወጪ ደግሞ ስላልተመዘገበ ብቻ ሳይከፈል አይቀርም። በመጨረሻ የሚከፍለው አቅሙ ከሁሉ ያነሰው ተጓዥ ነው።

ነገሩን ከስፍራው መጀመር ይገባል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም ያለ ሽቦ በአየር መልእክት ለሚያስተላልፈው ለጥንቱ የሬዲዮ ቴሌግራፍ በሕዝብ የተሰጠ መጠሪያ እንደ ሆነ ይታወቃል። የዛሬው ክፍለ ከተማ አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በክፍላተ ከተማ ስትደራጅ የንፋስ ስልክንና የላፍቶን ስም አጣምሮ ተቋቋመ። ይህ ስፍራ በባሕርዩ ሁለት ገጽ አለው። ምሥራቃዊው ገጽ የደብረ ዘይት መንገድ ነው። ከጂቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ባቡር በዚህ በኩል ያልፍ ስለ ነበር የቀለም፣ የክርና የሌሎች ዕቃዎች ፋብሪካዎች በዳርና ዳሩ ተተከሉ፤ ሠራተኛውም ከፋብሪካው አጠገብ በሳሪስና በአካባቢው ቤት ሠርቶ በእግሩ ሥራው ይገባ ነበር። ምዕራባዊው ገጽ ግን መካኒሳ፣ ላፍቶ፣ ለቡና ጀሞ ነው። የዚህ ወገን ብዙው ክፍል የዛሬ ጎልማሶች በልጅነታቸው እርሻና ግጦሽ ሆኖ የሚያውቁት ነው።

ይህን ምዕራባዊ ገጽ የለወጠው በ1990ዎቹ መጨረሻ በስፋት የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ከዚህ ሥራ ትላልቅ ፍሬዎች አንዱ ነው። በዚያ ቤት ማግኘት የብዙ ቤተሰብ የዘመናት ምኞት ፍጻሜ እንደ ነበረ አይካድም። ይሁንና ቤቱ የተከፋፈለው በዕጣ ነበር። ዕጣ ደግሞ የሰውን ፍላጎት እንጂ የሥራ ቦታውን አይጠይቅም። በመርካቶ የሚነግደው፣ በአራት ኪሎ የሚጽፈው፣ በፒያሳ የሚሰፋው ሰው ዕጣው ጀሞ ስለ ወጣለት ጓዙን ጠቅልሎ ጀሞ ገባ፤ ሥራው ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። በዚህ ምክንያት ጧት ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ወደ መሐል ከተማ ይፈስሳል፣ ማታም ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ወደ ዳር ይመለሳል። ለታክሲ ምልልስ መሠረታዊው ችግር ከዚህ ይጀምራል፤ ምክንያቱም ጧት ከጀሞ ሞልቶ የወጣ ሚኒባስ ከሜክሲኮ ሲመለስ የሚጭነው ሰው አያገኝም።

ስለ ተሽከርካሪው ታሪክ ጥቂት ማለት አስፈላጊ ነው። የአንበሳ አውቶቡስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ የሚታይ የሕዝብ መጓጓዣ ነው። ከእርሱ ጎን ለጎን ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ትናንሾቹ ሰይቼንቶዎች ተጓዡን እየተጋሩ ኖረዋል። በደርግ ዘመን ደግሞ «ውይይት» የሚባለው ታክሲ በሰፊው ታወቀ። ይህ ከኋላው ሽፋን የተሠራለት፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር የተዘረጋበትና ሰው ከኋላ በኩል የሚሳፈርበት ተሽከርካሪ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡ ስብሰባ የተቀመጡ ይመስሉ ነበርና፣ ውይይት የዘወትር ግዴታ በነበረበት በዚያ ዘመን ሕዝቡ ስሙን ከነለበጣው አወጣለት። በኋላም የትራንስፖርት ሥራ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ለግል ባለሀብት በስፋት ሲከፈት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ሆኖ የሚገባው የቶዮታ ሚኒባስ ቦታውን ወረሰ። ሰማያዊና ነጭ ቀለሙም ከሰይቼንቶው ወደ ሚኒባሱ ተላለፈ።

የውይይት ታክሲን የሚያስታውስ ሰው ወደ ፊሊፒንስ ዋና ከተማ ወደ ማኒላ ቢሄድ ዘመዱን ያገኛል። በዚያ ጂፕኒ የሚባለው መጓጓዣ መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሠራዊት ትቶት የሄደው ጂፕ ነው። የአገሩ ባለሙያዎች ጂፑን ከኋላ አስረዝመው፣ ጣራ ሠርተውለት፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር ዘርግተው በደማቅ ቀለም አስጌጡት። ተሳፋሪው እንደ ውይይቱ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሒሳቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ሹፌሩ ዘንድ ይደርሳል፤ መውረድ የፈለገም «ፓራ» ይላል፤ ይኸውም በአዲስ አበባ «ወራጅ አለ» እንደ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያመሳስላቸው ግን የገንዘቡ ሥርዐት ነው። የጂፕኒ ሹፌር ለባለንብረቱ በየቀኑ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይከፍላል፤ የተረፈው የእርሱ ነው። የአዲስ አበባም ሹፌር በብዛት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለባለንብረቱ የቀኑን ገቢ ያስገባል፣ ከዚያ የተረፈውን ከረዳቱ ጋር ይካፈላል። ይህ ነጥብ በኋላ ስለሚመለስ በአእምሮ መያዝ ይገባዋል።

ሚኒባሱን ከውጭ የሚያየው እንግዳ ሁካታና ሥርዐት አልባነት ብቻ ይታየዋል። ጠጋ ብሎ ለሚመለከት ግን ያልተጻፈ ደንብ አለው። ሹፌሩ መሪውን ይይዛል፤ በልማድ ወያላ የሚባለው ረዳት በሩን ይዞ መድረሻውን እየደጋገመ ይጠራል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ መልስ ይመልሳል፣ ማን የት እንደሚወርድ በቃሉ ይይዛል፤ ተራ አስከባሪው ደግሞ በመነሻው ቦታ ተሽከርካሪዎችን በቅደም ተከተል ያሰልፋል። ተሳፋሪውም የራሱ ሥነ ሥርዐት አለው። ሰልፉን ይጠብቃል፤ ሽማግሌ ሲመጣ ጋቢናውን ይለቅቃል፤ የማያውቀውን ሰው ዕቃ በጉልበቱ ላይ ይይዛል፤ ሳንቲም የጎደለበት ሲያይ «የእርሷን ከዚህ ያዝ» ብሎ ይከፍላል። ታሪፉን በርቀት ከፍሎ የሚወስነው የከተማው አስተዳደር ነው። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የቀጠና ሥምሪት ተጀምሮ ታክሲዎች የተመደቡበትን መስመር የሚያሳይ ታፔላ በጣራቸው ላይ እንዲሰቅሉ ተደረገ። ከዚህ እንደሚታየው ሥርዐት ጨርሶ አልጠፋም። ያለው ሥርዐት የማይመለከተው አንድ ነገር በመኖሩ ነው ሰልፉ የሚረዝመው።

ያ አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። ስሌቱ ለማስረዳት ያህል የተወሰደ ግምት እንጂ የቆጠራ ውጤት አይደለም። ከጀሞ ተነሥቶ በመካኒሳና በሳር ቤት በኩል ሜክሲኮ የሚደርስ፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን መስመር ይታሰብ። በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚህ መስመር 1,000 ሰው መጓዝ ይፈልጋል እንበል። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ቢይዝ በሰዓት 84 ጊዜ መነሣት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይኸውም በየ43 ሰከንዱ አንድ ታክሲ መውጣት አለበት። አንዱን ታክሲ ለመሙላት 3 ደቂቃ ቢፈጅ በአንድ የመጫኛ ቦታ በሰዓት ከ20 ታክሲ በላይ ሊነሣ አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ 5 ታክሲዎች ጎን ለጎን ሆነው በአንድ ጊዜ የሚጭኑበት ቦታ መኖር አለበት። ብዙው የታክሲ መነሻ ግን የመንገድ ዳር ነው፤ ሁለት ተሽከርካሪ ሲቆም ሦስተኛው መንገዱን ይዘጋል። እንግዲህ ከሰልፉ ርዝመት ከፊሉ የሚመነጨው ገና ተሽከርካሪው ሳይነሣ፣ ከቆመበት ቦታ ጥበት ነው።

ቀጥሎ ምልልሱ ይታይ። መሄጃው 35 ደቂቃ፣ ባዶ መመለሻው 20 ደቂቃ፣ መጫንና ማውረዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሙሉ ምልልስ 60 ደቂቃ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ሰልፉ እንዳይቋረጥ 84 ታክሲዎች ያስፈልጋሉ። መንገዱ ተጨናንቆ ምልልሱ ወደ 90 ደቂቃ ቢረዝም ያንኑ ሕዝብ ለማንሣት 126 ታክሲ ይጠየቃል። በተቃራኒው ምልልሱን ወደ 40 ደቂቃ ማሳጠር ቢቻል 56 ታክሲ ይበቃል። በ90ውና በ40ው ደቂቃ መካከል ያለው ልዩነት 70 ታክሲ ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው አንድም ሚኒባስ ሳይገዛ፣ አንድም ሹፌር ሳይቀጠር፣ ከጊዜ ብቻ ነው። በጧቱ ሰልፍ ላይ «ጠፋ» የተባለው ታክሲ ያለበት ቦታ ይህ ነው፤ በመጨናነቁ መካከል ቆሟል፣ ወይም ባዶውን እየተመለሰ ነው፣ ወይም ለነዳጅ ተሰልፏል።

አሁን ደግሞ ወደ ሹፌሩ ሒሳብ መመለስ ይገባል። ባለታክሲዎች አንዱን ጉዞ «ቢያጆ» ይሉታል፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ሹፌሩ ቀኑን የሚለካው በሰዓት ወይም በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቢያጆ ነው። የባለንብረቱ ገቢ፣ ነዳጁ፣ የረዳቱ ድርሻ፣ ለተራ አስከባሪ የሚሰጠው፣ አልፎ አልፎም ቅጣቱ፣ ሁሉም ከቢያጆው ይወጣል። ጧት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ አንድ ሙሉ ቢያጆ ሲሠራ 20 ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚከፈለው የ10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ታሪፉ ተሳፋሪው የተጓዘበትን ርቀት ይመለከታል፤ ባዶ የተነዳውን ግን አያይም።

ስለዚህ ሹፌሩ መላ ይፈልጋል፤ መላውም መስመሩን ማቆራረጥ ነው። ከጀሞ «ሳር ቤት፣ ሳር ቤት» እያስጠራ ይጭናል። ሳር ቤት ሲደርስ ሁሉንም አውርዶ ወይ በፍጥነት ወደ ጀሞ ይመለሳል፣ ወይ ደግሞ ያንኑ ተሳፋሪ «ሜክሲኮ» ብሎ እንደገና ያስከፍለዋል። የሁለት አጫጭር ጉዞ ዋጋ ሲደመር ከአንዱ ረጅም ጉዞ ዋጋ ስለሚበልጥ፣ አጭሩ መስመርም ብዙ ምልልስ ስለሚያስገኝ፣ ማቆራረጡ ለሹፌሩ ያዋጣል። ድርጊቱ ከደንብ ውጭ መሆኑ አያከራክርም፤ ተቆጣጣሪም ሲያገኘው ይቀጣዋል። ነገር ግን ምክንያቱ የሹፌሩ ክፋት ብቻ ነው ተብሎ ከተደመደመ መፍትሔው ሁልጊዜ ቅጣት ይሆናል፤ ቅጣቱም ሌላ ወጪ ሆኖ በሌላ ቢያጆ ላይ ይጨመራል። በሥሩ ያለው እውነት ባዶውን ምልልስ የሚከፍል ወገን አለመኖሩ ነው። ባለንብረቱ ቁርጥ ገቢውን ይቀበላል፣ ታሪፉ አያውቀውም፣ ሹፌሩም ሊሸከመው አይችልም። ሲንከባለል መጥቶ የሚያርፈው በሰልፉ ላይ ነው።

በሰልፉ ላይ ያለው ሰው የሚከፍለው ዋጋ በብር ብቻ አይለካም። በጧት የሰው ኃይል በሚመረጥበት አደባባይ ዘግይቶ የደረሰ የቀን ሠራተኛ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ያጣል። በተላላኪነት ወይም በፅዳት ሥራ የምትተዳደር ሴት ሁለት ጊዜ ተቆራርጦ የሚከፈለው ሒሳብ ከቀን ገቢዋ ላይ ጉልህ ድርሻ ስለሚነሣባት፣ ከሳር ቤት ጀምሮ ያለውን መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። ማታም ሜክሲኮ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ወደ ዳር መንደር የሚደርሱት ከጨለመ በኋላ ነው፤ ከዋናው መንገድ እስከ ቤት ያለውን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ለብቻ መሄድ ለሴቶችና ለወጣት ልጃገረዶች ሥጋት ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ከእነዚህ እግረኞች ስንቶቹ ወደው፣ ስንቶቹ ታክሲው አልፎአቸው እንደሚሄዱ መጠየቅ ግን የዕቅድ አውጪ ድርሻ ነው።

በዚህ ላይ ምናልባት «ታላላቆቹ መጓጓዣዎች ችግሩን አልፈቱትምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ቀላሉ ባቡር ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሄደው መስመሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በደብረ ዘይት መንገድ ንፋስ ስልክንና ሳሪስን አልፎ ቃሊቲ ይደርሳል። ለክፍለ ከተማው ምሥራቃዊ ገጽ ያስገኘው ጥቅም ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ምዕራባዊውን ገጽ አይነካም፤ በኋለኞቹ ዓመታትም በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ከሥራ ውጭ ሆነው የሚነሡበት ጊዜ መራራቁ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሆነ። በፉሪና ለቡ የተሠራው ጣቢያ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጂቡቲ ባቡር መነሻ ነው፤ እርሱ የአገር አቋራጭ መስመር ስለ ሆነ የከተማ ተጓዥን ወደ ሜክሲኮ አያመላልስም። ይልቁንም ከሩቅ አገር የመጣው መንገደኛ ከነሻንጣው ወርዶ የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ይጨመራል። ከዊንጌት እስከ ጀሞ ለፈጣን አውቶቡስ የሚሆን የተለየ መስመር እንዲሠራ ታቅዶ ለዓመታት ጥናት ተካሂዷል፤ የዕቅዱ አቅጣጫ ትክክለኛ ነው። በላይኛው ስሌት መሠረት 80 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ ቢሆን ለ1,000 ሰው 13 ጊዜ መነሣት ይበቃል፤ ይኸውም በየ4 ደቂቃ ተኩል ገደማ አንድ ማለት ነው። ነገር ግን አውቶቡሱም ቢሆን ባዶ ይመለሳል። የአውቶቡሱ ልዩነት ባዶውን ምልልስ የሚከፍለው የታወቀ ወገን መኖሩ ነው፤ እርሱም የመንግሥት ካዝና ነው።

ተሽከርካሪን ብቻ መለወጥ ምን እንደሚያስከትል ከተፈለገ የጂፕኒው የቅርብ ጊዜ ታሪክ ጥሩ አስተማሪ ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 አሮጌዎቹን ጂፕኒዎች በአዲስ፣ ጢሱ አነስተኛ በሆነ ተሽከርካሪ ለመተካት ሰፊ ፕሮግራም ጀመረ። ዓላማው ንጹሕ አየርና አስተማማኝ ጉዞ ነበርና ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን የአንዱ አዲስ ተሽከርካሪ ዋጋ ከ2 ሚሊዮን ፔሶ በላይ ሆነ፤ ይህን ያህል ዕዳ በቀን ገቢ የሚኖር ሹፌር ሊሸከመው እንዴት ይችላል የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ ስላላገኘ ሹፌሮቹ ደጋግመው የሥራ ማቆም አድማ መቱ። ባለንብረቶች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲጠቃለሉ የተሰጠው ቀነ ገደብም ብዙ ጊዜ እየተራዘመ ቆይቶ ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አበቃ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የጂፕኒው ችግር በብረቱ እርጅና ብቻ አልነበረም፣ በቁርጥ ዕለታዊ ክፍያው ሥርዐት ውስጥም ነበር። በአዲስ አበባም የኤሌክትሪክ ሚኒባስ መግባቱ ለአየሩም ለነዳጅ ወጪውም መልካም ነው፤ ነገር ግን ሹፌሩ በቢያጆ እየቆጠረ እስከ ሠራ ድረስ በኤሌክትሪክ የሚሄደውም ታክሲ ሳር ቤት ላይ መስመሩን ያቆራርጣል።

ታዲያ ከሙያው ባለቤቶች ምን ይጠበቃል? አራት ነገሮችን ማንሣት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። በአንድ የታክሲ መነሻ ላይ ሰዓትና ደብተር ይዞ ለአንድ ሳምንት መቀመጥ ከፍ ያለ ወጪ አይጠይቅም። እያንዳንዱ ታክሲ ስንት ሰዓት ተነሣ፣ ስንት ሰዓት ተመለሰ፣ ስንት ሰው ይዞ ገባ፣ ስንት ሰው ሰልፍ ላይ ቀረ የሚለው መረጃ ከተገኘ፣ «ስንት ታክሲ ይጨመር» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምልልሱ የት ታነቀ» የሚለው ይመለሳል። ሥራውም ለምሕንድስና ተማሪዎች የተግባር ትምህርት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የመጫኛ ቦታ ነው። ለሺህ አባወራ የሚሆን መኖሪያ ሲነደፍ የውኃው ቧንቧና የመብራቱ መስመር በፕላኑ ላይ ይሰፍራል፤ የታክሲው መነሻ ግን ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ከገቡ በኋላ በራሱ ጊዜ በመንገድ ዳር ይበቅላል። 5 ታክሲ ጎን ለጎን የሚቆምበት፣ ሰልፈኛው ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለልበት፣ አካል ጉዳተኛና ሽማግሌ ሳይጋፋ የሚሳፈርበት ስፍራ ከሕንፃው ጋር አብሮ መነደፍ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው መሬት ከአንድ መካከለኛ የመኪና ማቆሚያ አይበልጥም።

ሦስተኛው መንገድ ነው። ጧት ወደ መሐል፣ ማታ ወደ ዳር ለአውቶቡስና ለሚኒባስ ብቻ የሚከለል መስመር ቢኖር ምልልሱን ከ90 ወደ 60 ደቂቃ ማውረድ ቀላል ባይሆንም የማይቻል አይደለም። ከላይ እንደ ታየው በአንድ መስመር ላይ ብቻ ይህ የ42 ታክሲ ግዢ ያህል ይቆጠራል። ቀለምና ጥበቃ የሚጠይቀው ወጪ ከ42 ሚኒባስ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ሥርዐት ነው። በታክሲ ማኅበራት አማካይነት የአንድ መስመር ገቢ ወደ አንድ ቋት ገብቶ በተሠራው ምልልስ ልክ ቢከፋፈል፣ ወይም በጧቱ የጥድፊያ ሰዓት የከተማው አስተዳደር ለባዶው መመለሻ የተወሰነ ክፍያ ቢከፍል፣ መስመሩን ማቆራረጥ የሚያዋጣበት ምክንያት ይቀንሳል። መንግሥት ለትራንስፖርት የሚያወጣው ገንዘብ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር የሕዝብ ማመላለሻዎች ተጠቃሚ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። ጥያቄው ገንዘቡ በምን ላይ ይለካ ነው። በተቀዳው ሊትር ከሚለካ፣ ሳይቆራረጥ በተፈጸመው ምልልስ ቢለካ ለሰልፈኛው ይበልጥ ይቀርባል። ይህ እርግጥ ነው የሒሳብና የሕግ ባለሙያዎችን ምክር ይሻል፤ ሆኖም ምልልሱን ለክቶ ማቅረብ የመሐንዲሱ ግዴታ ነው።

በእነዚህ ሐሳቦች ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ሚኒባስ ጊዜያዊ መፍትሔ እንደ መሆኑ እርሱን ማሻሻል ትልቁን ሥራ ያዘገያል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ክርክሩ ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ በረጅም ዘመን ሚዛን ሲታይ ትልቅ ከተማ በ12 ሰው ተሽከርካሪ ብቻ ሊጓጓዝ አይችልም። ነገር ግን ውይይት የተባለው ታክሲም በዘመኑ ጊዜያዊ ነበር፣ ሰይቼንቶውም ጊዜያዊ ነበር። ትልቁ መጓጓዣ እስኪደርስ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ሕመምተኞች ሐኪም ቤት ይሄዳሉ፣ ሠራተኞች ሥራቸው ይደርሳሉ። ትልቁ መስመር ሲሠራም ቢሆን ከጀሞ ውስጠኛ መንደሮች ወደ ዋናው ጣቢያ ሰውን የሚያደርሰው ያው ሚኒባስ ነውና፣ ምልልሱን ዛሬ ማጥናት ለነገው ሥራ መሠረት ይሆናል እንጂ እንቅፋት አይሆንም።

ክቡራትና ክቡራን፤

የመሐንዲስ ሙያ በሚታየው ነገር ይመሰገናል፤ ድልድዩ፣ ሕንፃው፣ ማሳለጫው የሚታይ ነው። ባዶ የሚመለስ ታክሲ ግን ማንም የማያየው፣ በፕላን ላይ የማይሰፍር፣ በምረቃ ዕለት ሪባን የማይቆረጥለት ነገር ነው። ሆኖም የጀሞን ነዋሪ ቀን የሚያሳጥረውና የሚያስረዝመው እርሱ ነው። ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው «ታክሲ ጠፋ» ሲል ስለ ከተማው አሠራር ትክክለኛ ምልከታ እያቀረበ ነው፤ የጎደለው ምልከታውን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩንም ወደ ንድፍ የሚለውጥ ባለሙያ ነው። ለዚህ ሥራ ሰዓትና ደብተር ይዞ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀሞ መገኘት ይበቃል፤ የሚቆጠረው ሰልፍ በዚያ ሰዓት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።